ከሩቅ የመጣን ለም እንቁላል በቤት ውስጥ ማስታቀፍና ማስፈልፈል፦ ለምዕራብ ጎጃም ዶሮ አርቢዎች የቀረበ ማብራሪያ

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢው የገጠር ቀበሌዎች የሚኖሩ አርሶ አደሮችና የከተማ ነዋሪዎች የተሻሻለ ዝርያ ያላቸውን ዶሮዎች ከሚያገኙባቸው መንገዶች አንዱ፣ ለም እንቁላል ከሌላ አካባቢ አስመጥቶ በቤት ውስጥ ማስፈልፈል ነው። ለም እንቁላል ማለት አውራ ዶሮ ካገኛት እናት ዶሮ የተገኘና ተገቢው ሙቀት ሲደርሰው ጫጩት ሊሆን የሚችል እንቁላል ነው። አሠራሩ ለሀገራችን አዲስ አይደለም። በቀደሙት ዐሥርት ዓመታት የግብርና ኤክስቴንሽን አገልግሎት እንደ ሮድ አይላንድ ሬድ፣ ነጭ ሌግሆርንና ፋዮሚ ያሉ ዝርያዎችን ወደ ገጠር ያደረሰው የአንድ ቀን ጫጩቶችን፣ ቄቦችንና አውራዎችን ብቻ ሳይሆን ለም እንቁላልንም በማሰራጨት ነበር። በኅዳር 2015 ዓ.ም ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም የዶሮ እርባታን ከዋና ዋና የትኩረት መስኮቹ አንዱ አድርጎታል።

ይሁን እንጂ ብዙ መንገድ ተጉዞ የመጣ እንቁላል እዚያው ጓሮ እንደተጣለ እንቁላል አይፈለፈልም። ገንዘብ ወጥቶበት የመጣው እንቁላል ከ21 ቀን ጥበቃ በኋላ ሲገማ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በታቃፊዋ ዶሮ ወይም በማስፈልፈያው ላይ ይላከካል። በአመዛኙ ግን የእንቁላሉ ዕጣ የሚወሰነው ሙቀት ከማግኘቱ በፊት፣ ማለትም በወላጆቹ፣ በዕድሜው፣ በጉዞውና ከጉዞው በኋላ በሚያገኘው ዕረፍት ነው። ይህ ማብራሪያ ዜጎች እንቁላል ከመግዛታቸው በፊት ማወቅ የሚገባቸውን፣ በ21ዱ ቀናት የሚከናወኑ ተግባራትንና አገልግሎት የሚገኝባቸውን ቦታዎች በቅደም ተከተል ያቀርባል።

ምን ያህል ጫጩት መጠበቅ ይገባል?

ፍስሐ ሞገስና ባልደረቦቻቸው በቡሬ ወረዳ የገጠር ዶሮ አያያዝ ላይ ያካሄዱትና በ2002 ዓ.ም ገደማ የታተመው ጥናት ለአካባቢው ጠቃሚ መነሻ ይሆናል። በጥናቱ መሠረት አንዲት የሀገረሰብ ዶሮ በአማካይ 13 ያህል እንቁላል ታቅፋ 11 ያህል ጫጩት ትፈለፍላለች፤ ይህም ከ100 እንቁላል ከ80 በላይ መሆኑ ነው። በአንጻሩ ከተፈለፈሉት ጫጩቶች ውስጥ የጫጩትነት ዕድሜያቸውን በሕይወት የሚያልፉት ከ100 ወደ 60 የሚጠጉት ብቻ ሆነው ተገኝተዋል።

የሀገረሰብ ዶሮ በራሷ ጎጆ የጣለችውን እንቁላል ስትታቀፍ የሚገኘውን ይህን ውጤት ከሩቅ ከመጣ እንቁላል መጠበቅ አይገባም። በመኪና ተንገጫግጮ ከደረሰ እንቁላል ግማሹ ከተፈለፈለ ውጤቱ እንደ ደህና ይቆጠራል። ለአብነት አንድ ቤተሰብ 30 እንቁላል አስመጥቶ ግማሹ ቢፈለፈል 15 ጫጩት ያገኛል። ከእነዚህ ውስጥ ከ100 60ው ብቻ ቢያድጉ የሚቀሩት 9 ናቸው፤ ከዘጠኙም በግምት ግማሾቹ አውራዎች ይሆናሉ። ስለዚህ የእንቁላሉ ዋጋ ሲሰላ ለአንድ እንቁላል የተከፈለውን ብቻ ሳይሆን በመጨረሻ ለእንቁላል ጣይነት የምትደርስ አንዲት ቄብ ምን ያህል እንደምታወጣ ማስላት ተገቢ ነው። ይህ ስሌት ከማያዋጣ፣ ያደጉ ቄቦችን ወይም ክትባት የወሰዱ ጫጩቶችን መግዛት የተሻለ አማራጭ ሊሆን ይችላል።

ከመግዛት በፊት መረጋገጥ ያለባቸው ጉዳዮች

1. አውራ መኖሩ። ለምግብ የሚሸጥ እንቁላል የሚያመርቱ ዘመናዊ እርባታዎች ከጣይ ዶሮዎቻቸው ጋር አውራ አያስቀምጡም። ከሱቅ የተገዛ የእርባታ እንቁላል የቱንም ያህል ቢታቀፍ ጫጩት አይወጣውም። ለማስፈልፈል የሚገዛ እንቁላል ለ10 ያህል ሴቶች ቢያንስ አንድ ጤነኛ አውራ ካለበት መንጋ የመጣ መሆን ይኖርበታል።

2. የዝርያው ዓይነት። እንደ ቦቫንስ ብራውንና ሎማን ብራውን ያሉ ጣይ ዶሮዎች የተለያዩ የወላጅ መስመሮችን በማዳቀል የሚገኙ ናቸው። ከእነርሱ እንቁላል የሚፈለፈሉ ልጆች የእናታቸውን ምርት አይደግሙም። እንደ ፋዮሚና ሮድ አይላንድ ሬድ ያሉ ዝርያዎች ግን እርስ በርሳቸው ሲራቡ ባሕርያቸውን ይዘው ይቀጥላሉ።

3. የእንቁላሉ ዕድሜ። ከተጣለ ከ7 ቀን ያልበለጠው ይመረጣል። ከዚያ በኋላ የመፈልፈል ዕድሉ በየቀኑ ይቀንሳል። ሻጩ እያንዳንዱ እንቁላል የተጣለበትን ቀን በእርሳስ እንዲጽፍ መጠየቅ ይቻላል። በተለይ በዐቢይ ጾም የእንቁላል ገበያ ስለሚቀዘቅዝ ብዙ ቀን የተቀመጠ እንቁላል የመግዛት ዕድል ይጨምራል።

4. የመንጋው ጤና። የጫጩት ነጭ ተቅማጥን የመሳሰሉ በሽታዎች ከእናት ወደ ጫጩት በእንቁላሉ በኩል ይተላለፋሉ። የክትባትና የጤና መዝገብ ማሳየት ከማይችል እርባታ ለም እንቁላል መግዛት አይመከርም።

5. የእንቁላሉ አካላዊ ሁኔታ። በጣም ትልቅ፣ በጣም ትንሽ፣ ቅርፁ የተዛባ፣ ቅርፊቱ የሳሳ ወይም የተሰነጠቀ እንቁላል አይመረጥም። የቆሸሸ እንቁላል አይታጠብም፤ ውኃው ጀርም እንዳይገባ የሚከላከለውን የቅርፊቱን የተፈጥሮ ሽፋን ያነሣዋልና። በተመሳሳይ ምክንያት እንቁላልን ውኃ ውስጥ ከቶ መንሳፈፉን የማየት ልማድ ለሚታቀፍ እንቁላል አይሠራም። የእንቁላሉ ሹልነት ወይም ክብነትም የጫጩቱን ጾታ አያመለክትም።

የጉዞ ጥንቃቄ

ከአዲስ አበባ ወይም ከቢሾፍቱ ወደ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ የሚመጣ እንቁላል ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። መንገዱ ጎሐ ጽዮንን አልፎ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርድና በደጀን በኩል ወደ ደጋው ይወጣል። የሸለቆው ሙቀት ለእንቁላል አደገኛ ነው። በለም እንቁላል ውስጥ ያለው ፅንስ ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ትንሽ ከፍ ባለ ሙቀት ማደግ ይጀምራል፤ መኪናው ደጋ ሲደርስና ሲቀዘቅዝ ደግሞ የተጀመረው እድገት ይቋረጣል። እንዲህ የተጀመረና የተቋረጠ ፅንስ ብዙ ጊዜ ይሞታል። ስለሆነም ሸለቆው በማለዳ የሚታለፍበት ጉዞ ይመረጣል። ከባሕር ዳር በዳንግላና በእንጅባራ በኩል የሚመጣው መንገድ አጭርና ቀዝቀዝ ያለ በመሆኑ፣ በዚያ አቅጣጫ ተመሳሳይ ጥራት ያለው እንቁላል ከተገኘ ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባል።

እንቁላሉ በካርቶን ትሪ ላይ ሹል ጫፉ ወደ ታች፣ ሰፊው ጫፍ ወደ ላይ ሆኖ ይደረደራል። በሰፊው ጫፍ በኩል የአየር ኪስ አለ። ኃይለኛ መንገጫገጭ ይህን ኪስ ከቦታው ያላቅቀዋል፤ አስኳሉን መሐል ላይ የሚይዙትን ክሮችም ይጎዳል። በትሪዎቹ መካከልና ዙሪያ ደረቅ የጤፍ ጭድ ተጎዝጉዞ ሣጥኑ በተሳፋሪ እግር ሥር ወይም ጭን ላይ እንዲጓዝ ይመከራል። የመኪና ጣሪያ፣ ፀሐይ የሚመታው መስኮትና የሞተር አካባቢ ተስማሚ ቦታዎች አይደሉም።

ከውጭ ሀገር ለም እንቁላል ይዞ መግባት የመንግሥት ፈቃድና የእንስሳት ጤና ምስክር ወረቀት ይጠይቃል። ለዘመድ በስጦታ የሚላክ ጥቂት እንቁላልም ቢሆን ያለ ፈቃድ ሊገባ አይችልም።

ከደረሰ በኋላ፦ ዕረፍትና ምርመራ

እንቁላሉ እንደደረሰ ወዲያውኑ ሙቀት ውስጥ አይገባም። ሹል ጫፉ ወደ ታች እንደሆነ፣ ፀሐይና ጭስ በማይደርስበት ቀዝቃዛ ክፍል ከ12 እስከ 24 ሰዓት ያርፋል። ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ተስማሚ ሲሆን፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም የጭቃ ግድግዳ ባለው ቤት ወለል አካባቢ የሚገኘው ቅዝቃዜ ብዙ ጊዜ ለዚህ ይበቃል።

በዕረፍቱ ጊዜ እያንዳንዱ እንቁላል በጨለማ ክፍል ውስጥ በሞባይል ስልክ መብራት ይመረመራል። የተሰነጠቀው ተለይቶ ይወጣል። እንቁላሉ በዝግታ ሲዘነበል የአየር ኪሱ ቦታውን ሳይለቅ ከቀረ ጉዞውን በደህና አልፏል። ኪሱ ወደ ጎን የሚንሸራተት ከሆነ ግን ተጎድቷል፤ ሆኖም ወዲያው አይጣልም። በማስፈልፈያ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሞ ለመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት ሳይገላበጥ ከቆየ፣ ከዚያም በኋላ በዝግታ ወደ ግራና ቀኝ ብቻ ከተዘነበለ ሊፈለፈል ይችላል።

በታቃፊ ዶሮ ማስፈልፈል

መብራት በሚቆራረጥበት ወይም በሌለበት ቀበሌ ከሀገረሰብ ታቃፊ ዶሮ የተሻለ አስተማማኝ ማስፈልፈያ የለም። የምርት ዝርያዎች በመረጣ ምክንያት የመታቀፍ ባሕርያቸውን በእጅጉ ያጡ ሲሆን፣ የጎጃም ሀገረሰብ ዶሮዎች ግን ይህን ባሕርይ እንደያዙ ናቸው። የታቃፊዋ ዝርያ የጫጩቶቹን ዝርያ ስለማይለውጥ የሀገረሰብ ዶሮ የተሻሻለ ዝርያ እንቁላል ብትታቀፍ የሚወጡት ጫጩቶች የእንቁላሉን ወላጆች ይመስላሉ።

ቀደም ሲል ታቅፋ በሚገባ የፈለፈለች፣ እጅ ሲቀርባት ከጎጆዋ የማትነሣ ዶሮ ትመረጣለች። ከሩቅ የሚመጣው እንቁላል ከመድረሱ በፊት ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ጥቂት ተራ እንቁላል ታቅፋ ጽናቷ ይፈተናል፤ የመጣው እንቁላል የሚያርፍበት ጊዜም ለዚሁ ያገለግላል። ቅማልና ሌሎች ጥገኛ ነፍሳት ካሉባት አስቀድማ ትታከማለች። ጎጆው ደረቅ ጭድ ተጎዝጉዞለት ጨለም ባለ፣ ጸጥ ባለና ድመትም ሆነ ሸለምጥማጥ በማይደርስበት ቦታ ይዘጋጃል።

እንቁላሉ የሚሰጣት በምሽት ነው። የሀገረሰብ ዶሮ የራሷን እንቁላል እስከ 13 ድረስ ልትሸፍን ብትችልም፣ የተሻሻሉ ዝርያዎች እንቁላል ተለቅ ያለ ስለሆነ ከ8 እስከ 10 ቢሆን ይመረጣል። ከሆዷ ሥር የሚተርፍ እንቁላል በየተራ እየቀዘቀዘ ሁሉንም ይጎዳል። ውኃና እህል በአቅራቢያዋ ይቀመጣል፤ በቀን አንድ ጊዜ ለአጭር ጊዜ መነሣቷም ጉዳት የለውም። እንቁላሉን የምትገላብጠው ራሷ ናት።

በማስፈልፈያ ማሽን ወይም ሣጥን ማስፈልፈል

በገበያ የሚገኙ አነስተኛ ማስፈልፈያዎችም ሆኑ በአካባቢ ባለሙያዎች በአምፖልና በሙቀት መቆጣጠሪያ የሚሠሩ ሣጥኖች ተመሳሳይ መርሖዎችን ይከተላሉ።

ሙቀት፦ አየር የሚያዘዋውር ማራገቢያ ባለው ማስፈልፈያ ከ37.5 እስከ 37.8 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ማራገቢያ በሌለው ሣጥን ደግሞ በእንቁላሉ አናት ልክ ሲለካ ከ38.3 እስከ 38.9 ዲግሪ መሆን አለበት። የአንድ ዲግሪ ስሕተት ሙሉውን ዙር ሊያበላሽ ስለሚችል የማስፈልፈያው ቴርሞሜትር ከትኩሳት መለኪያ ቴርሞሜትር ጋር ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ተነጻጽሮ ልዩነቱ ይመዘገባል። ማስፈልፈያው እንቁላል ከመግባቱ በፊት ቢያንስ ለአንድ ሙሉ ቀን ባዶውን ይሠራል።

እርጥበት፦ እስከ 18ኛው ቀን ከ50 እስከ 55 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ከ65 እስከ 70 በመቶ ይሆናል። እርጥበቱ የሚስተካከለው በሣጥኑ ውስጥ የተቀመጠውን የውኃ ዕቃ ስፋት በመጨመርና በመቀነስ ነው። በበጋ ወራት የአየሩ ድርቀት ተጨማሪ ውኃ ይጠይቃል።

አየር፦ ቡሬ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ፍኖተ ሰላም በጥቂቱ ዝቅ ስትል ሰከላ ደግሞ ከሁለቱም ከፍ ትላለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ ፅንሱ የሚያገኘው ኦክስጂን ያንሳል፤ እንቁላሉም ውኃውን በፍጥነት ያጣል። ስለዚህ በመጨረሻዎቹ ቀናት የአየር ቀዳዳዎቹን ሙሉ በሙሉ መክፈትና የውኃ ዕቃው እንዳይደርቅ መከታተል ያስፈልጋል።

ማገላበጥ፦ እንቁላሉ በቀን ቢያንስ 3 ጊዜ፣ ቢቻል 5 ጊዜ ይገላበጣል። ቁጥሩ ጎዶሎ እንዲሆን የሚመከረው እንቁላሉ በየሌሊቱ በተለያየ ጎኑ እንዲያድር ነው። በአንዱ ጎን መስቀል፣ በሌላው ክብ ምልክት በእርሳስ ማድረግ ያልተገላበጠውን ለመለየት ይረዳል።

የ21 ቀን መርሐ ግብር

በኢትዮጵያ አቆጣጠር ወሩ 30 ቀን ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነው። ለምሳሌ ጥቅምት 10 የታቀፈ እንቁላል፦

• ጥቅምት 17፣ በ7ኛው ቀን፣ በብርሃን ይመረመራል። ሕይወት ያለው እንቁላል እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ የደም ሥሮች ይታዩበታል። የደም ቀለበት ብቻ የሚታይበት ፅንሱ ሞቷል።
• ጥቅምት 24፣ በ14ኛው ቀን፣ ምርመራው ይደገማል። አብዛኛው የእንቁላሉ ክፍል ጠቁሮ የአየር ኪሱ ብቻ ብርሃን ማሳለፍ አለበት። የሞተው ገምቶ ሳይፈነዳ ይወጣል።
• ጥቅምት 28፣ በ18ኛው ቀን፣ ማገላበጥ ይቆማል፤ እርጥበቱም ይጨመራል።
• ኅዳር 1፣ በ21ኛው ቀን፣ መፈልፈል ይጠበቃል። አንድ ቀን ቀድሞ ወይም ዘግይቶ መፈልፈል የተለመደ ነው።

በ7ኛው ቀን ጥርት ብሎ ብርሃን የሚያሳልፍ እንቁላል ሁሉ አውራ ያላገኘ ነው ማለት አይቻልም። ሙቀት ባገኘበት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ወይም በጉዞ ላይ የሞተ ፅንስም በብርሃን ሲታይ እንደዚያው ይመስላል። ስለዚህ ከሻጭ ጋር ከመከራከር በፊት የወጡትን እንቁላሎች ሰብሮ ማየትና አስፈላጊ ሲሆን ለባለሙያ ማሳየት ተገቢ ነው።

ቅርፊቱን የሰነጠቀ ጫጩት ተጠናቅቆ ለመውጣት ግማሽ ቀንና ከዚያ በላይ ሊወስድበት ይችላል። ቅርፊቱን በእጅ መላጥ የደም ሥሮችን ስለሚበጥስ ጫጩቱን ይገድላል። በዚህ ጊዜ ማስፈልፈያውን ደጋግሞ መክፈትም እርጥበቱን አጥፍቶ ጫጩቱ በቅርፊቱ ውስጥ ተጣብቆ እንዲቀር ያደርጋል።

መብራት ሲቋረጥ

የመብራት መቋረጥ ዙሩን ሁሉ ያበላሻል ማለት አይደለም። ለጥቂት ሰዓታት የቀዘቀዘ እንቁላል አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ መፈልፈሉ ግን ሊዘገይ ይችላል። ከቅዝቃዜ ይልቅ ከልክ ያለፈ ሙቀት ፈጥኖ ይገድላል። መብራት ሲጠፋ ማስፈልፈያው ሳይከፈት የአየር ቀዳዳዎቹን በማይደፍን ሁኔታ በብርድ ልብስ ይሸፈናል። መቋረጡ ከረዘመ ሙቅ ውኃ የተሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች እንቁላሉን ሳይነኩ በጎን ይቀመጣሉ፤ ቴርሞሜትሩም በቅርብ ይታያል። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማንደድ ለቤተሰቡም ለፅንሱም አደገኛ ስለሆነ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። በአካባቢው ታቃፊ ዶሮ ካለች ሕይወት ያላቸውን እንቁላሎች ወደ እርሷ ማዛወርም ይቻላል።

ከተፈለፈሉ በኋላ

የቡሬው ጥናት እንደሚያሳየው በአካባቢው ትልቁ ኪሳራ የሚደርሰው ጫጩቶች ከተፈለፈሉ በኋላ ነው። ጫጩት በሆዱ ባስገባው አስኳል ለአንድ ቀን ያህል ሳይመገብ ሊቆይ ይችላል፤ ከደረቀ በኋላ ግን ንጹሕ ውኃና የደቀቀ የጫጩት መኖ ይቀርብለታል። በማሽን የተፈለፈሉ ጫጩቶች በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ይፈልጋሉ፤ ይህም በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየቀነሰ ይሄዳል። ጫጩቶች ተደራርበው ከተከማቹ በርዷቸዋል፤ ከሙቀቱ ምንጭ ሸሽተው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል።

ጫጩቶችን በብዛት ከሚፈጀው የፈንግል በሽታ መከላከያው ክትባት ነው። ክትባቱ በሀገር ውስጥ በቢሾፍቱ ይመረታል። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮዎች የሚበቃ መጠን ስለሚይዝና ከተበጠበጠ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ማለቅ ስላለበት፣ ለአንድ ቤተሰብ ጥቂት ጫጩቶች ብቻ መክፈት አያዋጣም። ጎረቤታሞች እንቁላል በአንድ ቀን ቢያስታቅፉ ጫጩቶቻቸው በአንድ ቀን ይፈለፈላሉ፤ ክትባቱንም በአንድ ብልቃጥ በጋራ ማግኘት ይችላሉ። ክትባት እስኪወስዱ ድረስ አዲስ ጫጩቶች ከነባር ዶሮዎች ጋር አይቀላቀሉም።

የማስታቀፊያ ወቅት ሲመረጥ የክረምቱ ዝናብና ቅዝቃዜ ካለፈ በኋላ ያሉት ወራት ይመከራሉ። በኅዳር መጀመሪያ የተፈለፈለ አውራም አብዛኛውን ጊዜ ሚያዝያ ላይ በሚውለው የፋሲካ ገበያ ወቅት 5 ወር ገደማ ይሆነዋል።

አገልግሎት ለማግኘት

የለም እንቁላልና የተሻሻለ ዝርያ ምንጮችን በተመለከተ የቀበሌው የእንስሳት እርባታ ባለሙያ ወይም የወረዳው የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤት መረጃ ይሰጣል። በባሕር ዳር አቅራቢያ የሚገኘው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከልም በዶሮ ዝርያዎች ላይ ምርምር ከሚያካሂዱ ተቋማት አንዱ ነው። ክትባትና ሕክምና በቅርብ በሚገኝ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ይጠየቃል፤ ክትባቱ አስቀድሞ እንዲዘጋጅ እንቁላሉ በታቀፈበት ሳምንት ማስመዝገብ ጠቃሚ ነው።

ለምክር የሚመጡ ተገልጋዮች እንቁላሉ የተገዛበትን ቦታ፣ የተጣለበትንና የታቀፈበትን ቀን፣ የታቀፈውንና የተፈለፈለውን ብዛት እንዲሁም በየምርመራው የወጣውን ቁጥር ጽፈው ቢያመጡ ባለሙያው የችግሩን ምንጭ ለመለየት ይችላል። በርካታ ጫጩቶች በአንድ ጊዜ ሲሞቱ ወይም ያልተለመደ የሕመም ምልክት ሲታይ፣ የሞቱትን ወደ ገበያ ወይም ወደ ጎረቤት ሳያዘዋውሩ በዕለቱ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳወቅ ያስፈልጋል።